ኬኩ ከወረደ በኋላ

ቅዳሜ፣ ጥር 4

እዚህ ልጻፈው እንጂ ለሰው አፌን ሞልቼ አልናገረውም… ዛሬ ብስክሌት ቀደመኝ።

የሚነዱት ደግሞ ሽበታም ሰውዬ። ከኋላቸው አንድ ሣጥን አትክልት ጭነዋል። ሲያልፉኝ ባርኔጣቸውን ነካ አድርገው ሰላም አሉኝ። እኔም አንገቴን ሰበር አደረግሁ። ምን ላድርግ? ከኋላዬ ባለ ሦስት ደርብ የሰርግ ኬክ ቆሟል። አናቱ ላይ እታለም አንድ በአንድ የሠራቻቸው የስኳር አበቦች። ጉድጓድ ባየሁ ቁጥር ትንፋሼን እይዛለሁ።

ከኋላ ክላክስ፣ ከጎን ስድብ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ «እናቴ፣ ወርጄ ልግፋልሽ?» አለኝ። ሌላው፣ «ለአንቺ መንጃ ፈቃድ የሰጠሽ ማነው?» በሦስተኛው ፈተና ነው የሰጡኝ፣ ወንድሜ… ልለው ነበር። አልፎ ሄዷል።

ኬኩ ንቅንቅ ሳይል ደረሰ። የሙሽራዋ እናት ሁለቱንም ጉንጬን ሳሙኝ።

እሑድ፣ ጥር 5

መኪናዋ የእኔ አይደለችም፤ የታላቅ እህቴ ናት፣ የእታለም። ያን ዝናብ የጣለ ቀን ተንሸራትታ የሰው አጥር በር ከደረመሰች ወዲህ መሪ አልነካም ብላ ማለች። ማንም አልተጎዳም። በሩም ተጠግኗል። የእሷ ጉልበት ግን እስከ ዛሬ አልተጠገነም፤ ሾፌር ወንበር ላይ ስትቀመጥ ይንቀጠቀጣል። እኔ በዚህ ዕድሜዬ መንዳት የተማርኩት ለዚህ ነው። እሷ ትሠራለች፣ እኔ አደርሳለሁ። ካላደረስኩ የሰርግ ትዕዛዝ የለም፤ የሰርግ ትዕዛዝ ከሌለ ደግሞ ኬክ ቤታችን በሻይና በቁራሽ ኬክ አይቆምም።

ጎረቤታችን ፀጉር አስተካካዩ ግን «እመት ኤሊ» የሚል ስም አውጥቶልኛል። ዛሬም በሩ ላይ ቆሞ፣ «እመት ኤሊ! የትናንቱ ኬክ ደረሰ ወይስ ገና መንገድ ላይ ነው?»

ይሳቅ። ስመለስ አላየኝ…

ቅዳሜ፣ ጥር 11

እውነቱን ልጻፈው። ስመለስ ሌላ ሰው ነኝ።

ኬኩ ከወረደ በኋላ መኪናዋ ትቀልላለች። እኔም። መስኮት እከፍታለሁ፣ ዘፈን እለቃለሁ። ስሄድ የጠጣሁት ስድብ ሁሉ ስመለስ እግሬ ላይ ይወርዳል መሰለኝ፤ ነዳጁን በራሱ ጊዜ ይጫነዋል። ሰፊው መንገድ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ባዶ ነው። ዛሬ ድልድዩ ጋ ስደርስ የሆነ ነገር ብልጭ አለ። በጠራራ ፀሐይ መብረቅ? ብዬ ሳቅሁ። ዘፈኑን ቀጠልኩ።

ረቡዕ፣ ጥር 15

መብረቅ አይደለም። ካሜራ ነው።

መኪናዋ የእታለም ብትሆንም የተመዘገበው ስልክ የእኔ ነው፤ መልእክቱ ለእኔ ገባ። ቅጣት። ወደ ፀጉር ቤቱ ሄድኩና፣ «አንድ የማውቀው ሰው በፍጥነት ተቀጥቶ…» ብዬ ጀመርኩ።

«አዲስ ነጂ ነው?»

«አዎ።»

«እንግዲያው ይጠንቀቅ። በአዲስ ፈቃድ ሁለተኛ ከተያዘ ለስድስት ወር ያግዱታል። ከዚያ ሥልጠና፣ ከዚያ እንደገና ፈተና። አንቺ ምን አስጨነቀሽ? አንቺንማ ካሜራው የቆመች መኪና ናት ብሎ ነው የሚያልፍሽ።»

ወንበሩ ላይ ያለው ደንበኛ ምላጭ ሥር ሆኖ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ሐሙስ፣ ጥር 16

ለእታለም ነገርኳት። ክሬም እየመታች ነበር። ማሽኑን አጠፋችው።

«አንቺ?»

«እኔ።»

«ፍጥነት?»

«ፍጥነት።»

የጠረጴዛውን ጠርዝ ይዛ እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቆመ።

«ሁለተኛ ቢመጣስ?»

«አይመጣም።»

«ቢመጣስ ነው የምልሽ!»

የመጀመሪያውን ቅጣት በስሜ፣ በፈቃዴ ቁጥር ከፍያለሁ። የሰርግ ወቅት ገና መጀመሩ ነው።

ቅዳሜ፣ ጥር 18

እታለም መድኃኒት አገኘሁ አለች። «የሚያሳብድሽ ባዶ መኪና ነው አይደል? ባዶ አትመለሺማ!» ብላ፣ መስኮታችን ላይ ለማሳያ የሚቆመውን የፎም ኬክ ከነአሻንጉሊት ሙሽሮቹ አምጥታ ጫነችልኝ። ከላይ እውነተኛ ክሬም ነው፣ ውስጡ ፎም።

ስሄድ ሁለት ኬክ፣ ስመለስ አንድ። ሠራ! እንደ ሙሽራ አጃቢ ቀስ ብዬ ገባሁ። ፀጉር አስተካካዩ፣ «እመት ኤሊ፣ ኬኩን አልፈልግም አሉ እንዴ?» አለኝ።

ግን አንድ ነገር ያሳስበኛል። ፎም መሆኑን እኔ ብረሳ እግሬ ይረሳል?

ቅዳሜ፣ ጥር 25

እንደገና ብልጭ አለ።

እሑድ፣ ጥር 26

ምክንያት ልፈልግ ተቀመጥኩ። የለኝም። የታመመ ሰው አልጫንኩም፣ የሚጠብቀኝ ሰው አልነበረም። ስሄድ አንዱ ክፉኛ ሰድቦኝ ነበር፤ ስመለስ መልስ መስጠቴ ነበር። ለማን? የሰደበኝ የት አለና? መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም።

ማንም… አይ። ነበሩ።

ከብልጭታው በፊት ነው። ሽበታሙ ባለብስክሌት። ዓይኔ አያቸው እንጂ እግሬ አልሰማም። በጎናቸው ሽው ብዬ አለፍኩ። በመስታወት ሳይ ከመንገዱ ወጥተው አፈሩ ላይ ቆመዋል። ብስክሌታቸውን በአንድ እጅ ይዘው ጎንበስ አሉ… ባርኔጣቸውን ሊያነሱ።

ቀስ ስል ሰላም ያሉኝ ሰው ናቸው።

ቤት ስደርስ የፎሙ ኬክ ከኋላ ተገልብጦ አገኘሁት። አሻንጉሊቱ ሙሽራ አንገቱ ተቀንጥሷል። እታለም አየችው። ምንም ሳልነግራት ገባት።

ማክሰኞ፣ ጥር 28

ዛሬ ሁለተኛው መልእክት ገባ፤ የነዳው ሰው ዓርብ ቀርቦ ይናገር ይላል። እታለም ሻይዋን ሳትጨርስ፣ «እኔ ነበርኩ የነዳሁት እላለሁ» አለች።

«ምን?»

«ፎቶው ከኋላ ነው የሚያነሳው። መኪናዋ በስሜ ናት። የእኔ ፈቃድ አሮጌ ነው፤ አንድ ጥፋት አያሳግደውም። አለቀ!»

ልምምድ ጀመርን። እኔ ትራፊክ፣ እሷ ጥፋተኛ።

«ለምን ፈጠኑ፣ እመቤት?»

«ዘፈን እየዘፈንኩ ነበር።»

«ኧረ አንቺ ዘፈን የት ታውቂያለሽ!»

ሳቅን። ወዲያው ግን እጇን ጠረጴዛው ሥር ስትደብቅ አየሁ። መሪውን ማሰቡ ብቻ በቅቷታል። ይህች ሴት ለእኔ ስትል…

ለማሰብ ጊዜ ስጪኝ አልኳት። ስለ ሰውየው ግን አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ የካቲት 1

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄድን። ከመስታወቱ ጀርባ ያለችው ሠራተኛ ጉንፋን ይዟታል፤ በመሐረብ መሐል ነው የምትናገረው። ፎቶውን ወደ እታለም አዞረችው። «መኪናዋ በእርስዎ ስም ናት። ማን ነበር የሚነዳው?»

ፎቶውን አየሁት። ታርጋችን። ከጥጉ ላይ፣ በጣም ትንሽ ሆኖ፣ አንድ ብስክሌት።

እታለም፣ «እኔ…» ብላ ጀመረች። ቀደምኳት። መቅደም ለምጄ የለ!

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሠራተኛዋ ስሜን ጠይቃ ከኮምፒውተሩ ፈለገችና ቀና አለች። «አዲስ ፈቃድ ነው ያለዎት። ሁለተኛዎ ነው። ካመኑ እንደሚታገድ ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ።»

«እዚህ መስኮት ላይ የሚመጣ ሰው ሁሉ ‹የነዳችው አክስቴ ናት› ነው የሚለኝ» አለችና የመንጃ ፈቃድ ካርዴን ተቀበለችኝ። ፎቶዬ ላይ ጥርሴ ሁሉ ይታያል፤ ፈተናውን ያለፍኩ ቀን ነበር የተነሳሁት። ከነካርዱ መሳቢያ ውስጥ ገባሁ።

ውጭ ስንወጣ እታለም ጮኸችብኝ። «ምን አስቸኮለሽ?»

«እታለም፣ መቸኮሉ አይደል እዚህ ያመጣን?»

ልትስቅ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ፤ ያዘችው። ያኔ ስለ ባርኔጣው ነገርኳት። አውቶቡስ ውስጥ ክንዴን ይዛ እስክንወርድ አለቀቀችኝም።

እሑድ፣ የካቲት 3

ፀጉር አስተካካዩ ሰማ። የሚለጥፍልኝን አዲስ ስም ጠበቅሁ። መጥቶ በር ላይ ቆመና ጭንቅላቱን አከከ።

«እኔ እኮ ስቀልድ… ዘገየሽ እያልኩ…»

«አንተ አይደለህም፣ ወንድሜ። እግሬ ነው።»

«አሁን ኬኩን ማን ያደርሳል?»

እታለም ከውስጥ፣ «ትዕዛዙን እመልሳለሁ!» አለች። ጥቂት ቆይታ ደግሞ፣ ቀስ ብላ፣ «ካልሆነ…» አለች። ካልሆነ ምን? አልጨረሰችውም። ከሰዓት በኋላ ግን መኪናዋ ውስጥ ብቻዋን ተቀምጣ አየኋት። ሞተሩ አልተነሳም። መሪውን እንደ ትኩስ ድስት ነካ ታደርገዋለች፣ ትለቀዋለች።

ቅዳሜ፣ የካቲት 9

እታለም ነዳች!

ፀጉር አስተካካዩ ሥራውን ጥሎ ወጥቶ፣ «ና… ና… ቀኝ… ቁም!» እያለ ከግቢ አስወጣን። ደንበኛው ግማሽ ጢሙን ተላጭቶ፣ ግማሹ አረፋ ሆኖ፣ በር ላይ ቆሞ ያየናል። እኔ ከኋላ፣ ከኬኩ ጎን፣ መሠረቱን በሁለት እጄ ይዤ። ከኋላ ሲሆኑ መንገዱ ሌላ ነው ለካ። እያንዳንዷ ፍሬን ሆዴ ውስጥ ነው የምትቆመው።

የእታለም ጉልበት ሲንቀጠቀጥ ከኋላ ይታየኛል። «አለሁ» አልኳት። «አውቃለሁ፣ ዝም በይ» አለችኝ። ክላክስ ተጀመረ። አንዱ መስኮቱን ዝቅ አድርጎ አፉን ሳይከፍት እታለም ቀደመችው። «ኬክ ነው የጫንኩት! አንተም ስታገባ እንዲሁ ነው የማመጣልህ!» ልጁ ሳቀ። እጁን አነሳልን።

ከገበያው ማዶ ሽበታሙ ሰው በብስክሌት ደረሱብን። አለፉን። ባርኔጣቸውን ነካ አደረጉ፣ ለእታለም። እኔ ሁለቱም እጆቼ ኬኩ ላይ ናቸው። አንገቴን እስከ ጉልበቴ ዝቅ አደረግሁ። መኪናዋን አውቀዋት ይሆን? ይቅርታ መጠየቄ እንደሆነስ ገብቷቸው ይሆን?

ኬኩ ወረደ። ንቅንቅ ሳይል።

ስንመለስ ፊት ተቀመጥኩ። መንገዱ ባዶ። እታለም መስኮት ከፈተች። ማንጎራጎር ጀመረች፤ ዘፈን አታውቅም ያልኳት ሴት! ጉልበቷን አየሁ፤ መንቀጥቀጡን ትቷል። ከዚያ ዓይኔ ቆጣሪው ላይ ወደቀ።

«እታለም…»

«እ?»

«ቆጣሪው።»

«ወይኔ ጉዴ!» እግሯን አነሳች። ድልድዩን ቀስ ብለን፣ ፀጥ ብለን አለፍነው። ማዶ ስንደርስ ሁለታችንም በሳቅ ፈነዳን።

«ለካ አንቺ ብቻ አይደለሽም» አለች።

ስድስት ወር። ከዚያ ሥልጠናው፣ ከዚያ ፈተናው። ባልፍም ብወድቅም እዚሁ እጽፈዋለሁ። ማለፌን ግን ካርዱን የተቀበልኩ ቀን አልጽፍም። የመጀመሪያውን ኬክ አውርጄ፣ ባዶ መኪና ይዤ፣ ድልድዩን ተሻግሬ ቤት የገባሁ ቀን ነው የምጽፈው። ሰውዬውን መንገድ ላይ ካገኘኋቸውም፣ ሳልፋቸው ባርኔጣቸው አናታቸው ላይ እንደቀረ ወይም አፈሩ ላይ እንደወደቀ አብሬ እጽፋለሁ።