ጡት ሳታስለምጂው

አምቦ፣ የካቲት 2016 ዓ.ም.

ውድ ልጄ ሃዊ፣

ስልክ ላይ ይህን ነገር ስጀምር “እማዬ፣ ኔትወርክ የለም” ብለሽ ትዘጊብኛለሽ። ስለዚህ ጻፍኩት፤ ደብዳቤ አይዘጋም። በአማርኛ መጻፌ አያስቅሽ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና፣ በቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። የኦሮምኛውን ቁቤ በጊዜው ትምህርት ቤት የገባችሁት ተማሩት።

“ጡቴን ጭራሽ አላስለምደውም” አልሽኝ። አምቦ መጥተሽ ልትወልጂ፣ በወሩ ልጁን ለእኔ ትተሽ ሆለታ ወደ አበባ እርሻ ሥራሽ ልትመለሺ። ካጠባሁት መለየት ያቅተኛል፣ ከቆየሁ ደግሞ ቦታዬን ሌላ ሰው ይይዘዋል አልሽ። የዱቄት ወተቱንና ጡጦውን አስቀድመሽ በሚኒባስ ላክሽ። ቆርቆሮውን አገላብጬ አነበብኩት፤ የእናት ጡት ወተትን የሚተካ የለም ብሎ ራሱ ጽፎበታል። ማንበብ የምትችል አሮጊት ቤት ባትልኪው ይሻልሽ ነበር።

“ትችያለሽ ወይ?” ብለሽ ግን አልጠየቅሽኝም። የልጁ አባት ስልኩን ቀይሮ ጠፋ። አንቺ ሥራ አለሽ። የቀረችው እናትሽ ዘርፈሽ ናት፤ ዘርፈሽ ደግሞ ለሰው ልጅ የተፈጠረች ናት።

ባለፈው ሐሙስ የጤና ኤክስቴንሽኗ ጣቢታ የቀበሌያችንን ነፍሰ ጡሮች ሰብስባ ስለ ጡት ማጥባት ታስተምር ነበር። በአንቺ ፈንታ ሄድኩ። ሆዳቸውን አቅፈው ከተቀመጡት መሀል ነጠላዬን ተከናንቤ ገባሁ። ጎረቤታችን ጋዲሴ፣ ያቺ ምላሷ የማያርፈው፣ ገና ስታየኝ ጀመረች።

“አዮ ዘርፈሽ፣ ስንተኛ ወርዎ ነው?”

“ወሩማ አልፎብኛል። ዕድሜዬን ሙሉ ተሸክሜው አልወጣ አለኝ።”

“ምኑ?”

“ንዴቱ።”

ሴቶቹ ሳቁ። ጣቢታም ስቃ፣ “እንኳን መጡ፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ የምታቀምሱት እናንተ አያቶች ናችሁ፣ ትምህርቱ ለእርስዎ ነው” አለችኝ። ከዚያ የጨርቅ አሻንጉሊት ክንዴ ላይ አስቀመጠችና “አያያዙን ያሳዩዋቸው” አለች። ክንዴ ከእኔ በፊት አወቀው። የልጁ ሆድ ከሆዴ፣ አፉ ከጡቴ ትይዩ ገጠመ። “አያችሁ፣ እንዲህ ነው” አለች ጣቢታ። እኔ ግን ክንዴን ጠላሁት።

“ገና ከመጀመሪያው ጡቷን የማታስለምድ እናትስ?” ብዬ ጠየቅኳት።

“ወተቱማ ይመጣል፤ እሷ መወሰኗን ማን ይነግረዋል? ጡቷ ይወጠራል፣ ያማታል፤ ካልተጠባ ቆይቶ ይደርቃል። ሥራ ካላት ግን ወተቷን አልባ ማስቀመጥ ትችላለች። ልጁን የሚወስድላት ሰው ካለም በምሳ ሰዓት ታጠባለች።”

“ማን ይወስድላታል፣ ባጃጅ?” አለች ጋዲሴ። እንደገና ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

ለማንም ያልነገርኩትን ልንገርሽ። ጎጆ ከተማ ሳለን፣ አንቺ ገና ጥርስ ሳታበቅዪ፣ ከአባትሽ ቤት ጠፍቼ ነበር። ደቻሳ ነፍሱን ይማረውና እጁ ከባድ ነበር፤ ዝምታው ደግሞ ከእጁ ይብስ ነበር። አንቺን ለአያትሽ ሰጥቼ፣ ገበያ ልሂድ ብዬ፣ ድንች የጫነ አይሱዙ ላይ ወጣሁ። ጊንጪ ወረድኩ። የአዲስ አበባውን አውቶቡስ ስጠብቅ ጡቴ ሞላ። ቀሚሴን አልፎ እስከ መቀነቴ ወረደ። ሽንኩርት የምትሸጥ ሴት ቀና ብላ አየችኝና “አንቺ ሴት፣ ልጅሽ የት አለች?” አለችኝ። ነጠላዬን ደረቴ ላይ ደራረብኩት፤ እሱንም አራሰው። አውቶቡሱ መጣ፣ ሰው ጫነ፣ ሄደ። በመጣሁበት አይሱዙ ተመለስኩ። አባትሽ ደጅ ቆሞ “የድንች ገበያ እንዴት ዋለ?” አለኝ። መጥፋቴን እንኳ ያወቀልኝ የለም።

ያን ቀን ስትጠቢ ቁልቁል አየሁሽ። እወድሽ ነበር፤ እጠላሽም ነበር። ሁለቱንም ከአንድ ጡት ጠባሽ።

ስለዚህ “ካጠባሁት መለየት ያቅተኛል” ስትዪኝ ሞኝ ናት አላልኩም። እኔን የያዘኝን ነገር አንቺ ሳይዝሽ አወቅሽው። እኔም ብሆን “አጥቢው” የምልሽ ለልጁ ብቻ ብዬ አይደለም። ካጠባሽው አትተዪውም፤ ካልተውሽው እኔ እተርፋለሁ። የባሌን ወንድሞች አሳድጌ፣ ባሌን ቀብሬ፣ በዚህች አንዲት ክፍል በር ዘግቼ ማንበብ የጀመርኩት ገና አሁን ነው። ያን የሐሙስ ሌሊት “አንዳችን መያዝ ካለብን ሃዊ ትያዝ” ብዬ ተኛሁ። ጠዋት አፈርኩ። ማፈሬ ደግሞ አናደደኝ።

አሁን የምልሽን ስሚ። ጡትሽን በንጹሕ ውሃ ብቻ እጠቢ፤ ቅቤ አትቀቢ። ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ ከሆነ ለነርሷ አሳዪያት፣ አትፈሪ። ስትወልጂ ከጎንሽ ነኝ። የመጀመሪያውን ቢጫ ወተት፣ እንገሩን፣ እኛን አማቶቻችን አስደፍተውናል፤ አንቺን የሚያስደፋሽ ሰው ግን እኔን ረግጦ ይለፍ። ልጁ ሳይውል ሳያድር ደረትሽ ላይ ይሆናል።

ወሩ ሲያልቅ ሦስታችንም ሆለታ እንሄዳለን። ከእርሻው አጠገብ የማያፈስ ክፍል ፈልጊ። በምሳ ሰዓት ልጁን አዝዬ በሩ ላይ እቆማለሁ፤ ወጥተሽ ታጠቢዋለሽ፣ ትመለሻለሽ። ዘበኛው ቢቆጣ እኔም መቆጣት አውቃለሁ።

የአምቦዋን ክፍል ለባለቤቷ እንደምለቅ ነግሬያታለሁ። ደስ ብሎኝ እንዳይመስልሽ። ልጁን ስታይ ንዴቱ ይለቃታል ብለሽም አትጠብቂ፤ እዚያ በር ላይ ቆሜም እናደዳለሁ። ምስጋናሽን አልፈልግም። በሰዓቱ ውጪ፣ ልጁ ይርበዋል።

እናትሽ ዘርፈሽ