የተፈቀደ ለቅሶ

ኅዳር 4 ቀን 1974፣ ጧት 2 ሰዓት

የሙሴን አንሶላ አጠብሁ። ዛሬም በሲጋራ አቃጥሎታል። ፈረንሳዊ ስለሆነ እንግዳ ማረፊያው ውስጥ ሁሉም ሙሴ ይሉታል። እንደ ኦሪቱ ሙሴ ጣናን ለሁለት ይከፍል እንደሆነ እናያለን አልሁ። አስተርጓሚው አቶ ጌጡ ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም።

ፊልም ሠሪ ነው። የወንጀል ፊልም። ድርጅት የለውም፤ ካሜራውን ራሱ ይሸከማል። ለመጨረሻው ፊልም ቤቱን ሲሸጥ ሚስቱ ጥላው ሄደች አሉ። አባቱ ፖሊስ ነበር። አባት ሌባ ሲያስር ኖረ፣ ልጅ ሌባ ፊልም ያነሣል።

ኅዳር 6

ሸሚዙን እየተኮስሁ የፊልሙን መጨረሻ ጠየቅሁት፣ በአቶ ጌጡ አፍ። ገዳዩ አይያዝም አለኝ። ሁሉም ያውቁታል፣ ሰላም ይሉታል፣ ያልፋል። የፊልም ድርጅቶቹ የሸሹት ለዚህ ነው፤ ይያዝ ይሉታል።

እዚህ ማን ይገረማል? ደብተሬ፣ አንቺ ታውቂያለሽ። የእኔም በየጧቱ ሰላም ይለኛል። እመልስለታለሁ። ከዚያ ምሳዬን እበላለሁ።

ኅዳር 8፣ ከሰዓት

የሟች እናት የምትሆን አጥቷል። ፊቴን አየና እሳቸው ይሁኑ አለ። ምን አይቶ ይሆን።

ታሪኩ የፊውዳሉ ዘመን ግድያ ነው ብለው ከቀበሌያችን ሊ/መንበር ፈቃድ አመጡ። ወረቀቱን ራሴ አነበብሁት፤ ጣቴን እየሰደድሁ፣ ፊደል በፊደል። «ለፊልም ሥራ ሲባል ለሟች ካሳ ለአንድ ሰዓት እንዲለቀስ ተፈቅዷል።» ማኅተም አለው። ካሳ በፊልሙ የሟቹ ስም ነው።

በስተርጅና መሠረተ ትምህርት የገባሁት ይህን ላነብ ኖሯል!

አራት ዓመት ሆነ። ልጄን ገድለው ዓባይ ማዶ መንገድ ዳር ጥለውት አደሩ። ማንሣት ክልክል። ማልቀስ ክልክል። ያለቀሰች ትከተለዋለች አለኝ፣ ይኸው በየጧቱ ሰላም የሚለኝ ሊ/መንበር። ነጠላዬን አፌ ውስጥ ጎስጉሼ ቤቴ ገባሁ። ጎረቤት አልመጣ። ሬሳውን የት እንደወሰዱት አላውቅም።

ኅዳር 9

ልምምድ። ሙሴ አቶ ጌጡን አስተኝቶ በጋቢ ሸፈነውና አልቅሺ አለኝ። እንቢ!

«እማማ ወርቄ፣ ቲያትር እኮ ነው!» ይላል አቶ ጌጡ ከጋቢው ሥር።

«አንተ ሬሳ፣ ዝም በል። በቁም ላለ ሰው አይለቀስም፤ ሟርት ነው።»

ሟርት ሲሰማ ዘሎ ተነሣ።

ሙሴ አልተቆጣም። ሬሳ ሲጠፋስ ምን ታደርጋላችሁ አለ። በልብሱ ላይ እናለቅሳለን አልሁ። እንግዲያው ልብስ ያምጡ አለኝ።

ሊ/መንበሩ ነገ ይመጣል፤ ከወረቀቱ ውጭ እንዳይለቀስ ሊጠብቅ። ሙሴ የት እንደሚቆም ጠየቀና ካሜራውን ከእኔ ወደዚያ አዞረው። አቶ ጌጡ ፊቱ ዐመድ መሰለ። በጆሮዬ ለመነኝ፤ ካሳ ይበሉ፣ ሌላ ስም እንዳይጠሩ። ወረቀቱ ላይ የእሱም ፊርማ አለበት።

ኅዳር 10፣ ጧት 12 ሰዓት

ኮቱን ከሣጥን አወጣሁ። የቀኝ ኪሱ ቀዳዳ ነው፤ ዛሬ ነገ እሰፋዋለሁ ስል ወሰዱት።

ካሳ የሚባል ልጅ አልወለድሁም።

ያስሩኝ ይሆናል። ሙሴን ያባርሩታል። ይባረር፤ ቤቱን የሸጠው ለዚህ አይደል። አቶ ጌጡ ያሳዝነኛል፤ ልጆች አሉት። እኔም ነበረኝ።

እስካሁን ስሙን እዚህ ጽፌ አላውቅም። ፈርቼ። አሁን እጄ ይልመድ፣ ምላሴ ይከተላል። ውጭ የሙሴ መኪና ጥሩምባ ይነፋል፤ ይጠብቁ።

አለበል።

አለበል።

አለ