ለአፈሙዙ የቆረጥኩት ቆዳ

ቅዳሜ፣ ኦክቶበር 12፣ ዋይትሆል

ዛሬ ተዋረድኩ። ተኩስ መለማመጃው ሬንጅ ሄጄ ሦስተኛውን ጥይት ስተኩስ ማዝል ብሬኩ ከአፈሙዙ ተነቅሎ ወደቀ። ጠመንጃው ሲተኮስ ትከሻዬን የሚመታኝን ይቀንስልኛል ብዬ የገዛሁት ብረት!

ጥፋቱ የራሴ ነው። ከጦር ሠራዊት ለወጣው አሮጌ ምንሽሬ ብረቱ ትንሽ ሰፍቶት፣ ብሎኑን ታይት ባደርገውም ይዞር ነበር። አባቴ የተሰነጠቀ ሰደፍ በጠፍር ሲያስር እያየሁ ነው ያደግሁት። እኔም ካሮጌ ጫማ ቆዳ ቆርጬ በብረቱና በአፈሙዙ መሀል ወተፍኩበት። የሬንጁ ሰውዬ የተቃጠለውን ቆዳ በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ፣ «እዚህ ቦታ ቆዳ የሚያስገባ ሰው አይቼ አላውቅም፤ ለዛሬ ይበቃሃል» አለና አስወጣኝ።

አብረውኝ የነበሩት ጋሼ ታደሰ የድሮ ወታደር ናቸው። መኪና ውስጥ ስንገባ እስከ ሞርስ ሮድ ሳቁብኝ። «ምንሽር ገዝተህ እንደ በቅሎ ትለጉመዋለህ?» አሉኝ።

ዲቪ ሲደርሰኝ አባቴ ምንሽሩን ሸጦ ነው ያሳፈረኝ። ይሄንንም የገዛሁት ያንን ስለሚመስል ነው። ቤት እንደገባሁ ደወልኩለትና የሆነውን ነገርኩት። እሱ እንኳ አልሳቀም።

«ልጄ፣ ሰደፉን ትከሻህ ላይ ጥብቅ አድርገህ ደግፈው» አለኝ። «ትከሻ ላለው ሰው ያ ብረት ምን ያደርግለታል?»

«እሺ አባ» አልኩት።

ትከሻዬን ዌርሃውስ ውስጥ ሳጥን ሳነሳ እንደጨረስኩት እስካሁን አልነገርኩትም።