ሰላምታዬን እስካስተካክል ድረስ

ለተከበሩ አቶ ሽታሁን፣
የ«ቢቸናና ሞጣ ወገኖች» የቴሌግራም ግሩፕ መሥራችና ዋና አስተዳዳሪ፣
ቢቸና።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? ዓይንዎ፣ ጆሮዎ፣ መንጋጋዎ ደህና ናቸው? እነዚህን ሦስቱን ለይቼ መጠየቄ ወድጄ አይደለም፤ ታናሽ ወንድሜ የኔሰው ከግሩፕዎ ጋር ከተዋወቀ ወዲህ የግራ ዓይኑ አያይም፣ የግራ ጆሮው አይሰማም፣ መንጋጋውም በሽቦ ታስሯል፤ ስለዚህ የሰው ጤና ስጠይቅ ከነዚህ መጀመር ለምዶብኛል።

እኔ ሞጣ የምኖር፣ ትምህርቴን ስምንተኛ ክፍል ላይ ያቆምሁ፣ ሦስት ልጆች ያሳደግሁ ሴት ነኝ። የአዲስ አባላት ሥነ ሥርዓት በሚል ርእስ ካወጡት ሃያ ሦስት ነጥብ የተማርሁትን በራሱ በግሩፑ ላይ ላመሰግንዎ ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን በመጨረሻ ያለችኝን ጥያቄ ሥነ ሥርዓቱ ስለማይፈቅድልኝ ልጄ መክሊት በኮምፒዩተር ጽፋልኝ በየሰዉ ስልክ እንዲዞር አድርጌዋለሁ፤ ይቅር ይበሉኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ልናገር። የኔሰው እኔ ጓሮ ተወልዶ ያደገውን ቦራ የሚባል በሬያችንን በአይሱዙ ጭኖ ቢቸና ገበያ ወሰደ። በዚያው ሳምንት የእርስዎ የአጎት ልጅ በሬ ጠፍቶበት ኖሯል፤ የሱም ግንባር ነጭ፣ የኛም ግንባር ነጭ። በዚህ አገር ግንባሩ ነጭ የሆነ በሬ ስንት እንዳለ እርስዎ አይጠፋዎትም ነበር። ሆኖም የኔሰውን ከነበሬው ፎቶ አንስተው «ሌባው ይኸው። በሬው ይኸው። ገበያ ያላችሁ ድረሱ» ብለው ለጠፉ። መክሊት አይታ «እማዬ፣ አጎቴ ግሩፕ ላይ ወጥቷል» ብላ እየጮኸች መጣች፤ ስልኬን ተቀብላም ወደ ግሩፑ አስገባችኝ። እንግዲህ አዲስ አባል የሆንሁት እንደዚህ ነው።

አንደኛ፣ ሰላምታ ስላስተማሩኝ አመሰግናለሁ። እንደ ገባሁ «ወንድሜ ነው፣ በሬው የኛ ነው፣ አትምቱት» ብዬ ጻፍሁ። ቦት የሚሉት የግሩፑ ዘበኛ ወዲያው አጠፋውና «ውድ አዲስ አባል፣ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ሰላምታ ይቀድማል» ብሎ መከረኝ። አፈርሁ። ይህን የምለው ለቀልድ አይደለም፣ እውነት አፈርሁ፤ እንዲህ ሆኜ ነው ያደግሁት፣ ሰው ቤት ሰላም ሳይሉ መግባት ነውር ነው፣ ጥፋቱም የኔ መሰለኝ። የሚሆን ሰላምታ ሳስብ ሁለተኛው ፎቶ መጣ። የኔሰው ተንበርክኳል፣ ሸሚዙ ተቀዷል፣ የበሬው ገመድ በራሱ አንገት ገብቷል።

ሁለተኛ፣ ስለ ጸጥታ ያለዎትን አሳብ አደንቃለሁ። ፊደሉን መልቀም ስላስቸገረኝ በድምፅ ላክሁ፤ «እንደምን ዋላችሁ ወገኖቼ» ማለትንም አልረሳሁም። እሱም ጠፋ፤ አዲስ አባል የድምፅ መልእክት ከላከ የሌሎችን ጸጥታ ይረብሻል ተባልሁ። በዚያ ሰዓት ነባሮቹ አባላት በጸጥታ ይወያዩ ነበር። አንዱ «ጥርሱን አርግፉለት» ይላል፤ ሌላው «ከሞጣ ድረስ ለስርቆት? እግሩን ነው እንጂ» ይላል፤ አንድ ጨዋ ደግሞ «ፊቱ አይታይም፣ ወደ ካሜራው አዙሩት እባካችሁ» ብሎ ይለምናል። «እባካችሁ» ማለቱን ልብ ይበሉልኝ። አዞሩት። በሦስተኛው ፎቶ ሽመሉ አየር ላይ ነበር፤ በአራተኛው ወርዷል።

ሦስተኛው ምስጋናዬ ስለ ቅጹ ነው። ስም እስከ አያት፣ የትውልድ ቦታ፣ ሥራ፣ ግሩፑን የተቀላቀሉበት ምክንያት። አንድ በአንድ ሞላሁ። አያቴን ዘልዬ ኖሮ ተመለሰብኝ፤ አያቴን ጨምሬ ደግሜ ላክሁ። ምክንያት በሚለው ላይ «ወንድሜን እንዳትገድሉት» አልሁ። ተቀባይነት አገኘሁ። እርስዎ ራስዎ «እንኳን ደህና መጡ እህታችን አምሳለች» ብለው አበባ ላኩልኝ፤ እርስዎን ተከትሎም ስንት ሰው አበባ እንዳዘነበልኝ። ከአበቦቹ መካከል አምስተኛው ፎቶ ነበረ። ስለሱ አልጽፍም፤ እርስዎ ዘንድ አለ። ከሥሩ «አዲስ አባል ለመጀመሪያዎቹ ሰባት ቀናት ያነባል እንጂ አይጽፍም» የሚለው መጣና መጻፊያው ተዘጋብኝ።

አሁን ከእርስዎ ይልቅ ራሴን የምወቅስበትን ልናገር። ብሩክታይት የምትባል የድሮ ጎረቤቴ እዚያው ከብት ተራ ገመድ ትሸጣለች። ስልክ ቁጥሯ ያን ሁሉ ጊዜ በእጄ ነበር። እኔ ግን የሚደበድቡት ሰዎች ግሩፑን ያነባሉና በዚያ ይሰሙኛል ብዬ፣ እንደ ደንበኛ እንግዳ በር ላይ ቆሜ ሰላምታዬን ሳስተካክል ቆየሁ። ያቺ ሰዓት የወንድሜ ዓይን ነበረች።

መጻፊያው ሲዘጋ ደወልሁላት። ሰዉን በክርኗ እየገፋች ገባችና «ደርሻለሁ፣ ምን ልበላቸው እታለም? ማንም አይሰማኝም» አለች። «ለነሱ ምንም አትበያቸው፤ ስልኩን ከበሬው ጆሮ አድርጊው» አልኋት። ከዚያ እኔ ሞጣ ማጀቴ ውስጥ ቆሜ፣ ማታ ማታ አተላ ይዤ እንደምጠራው «ቦራ፣ ቦራዬ፣ ና» አልሁ። የሆነውን ብሩክታይት ናት የነገረችኝ። ቦራ ራሱን ቀና አደረገ፤ ጮኸ፤ ዞሮ ስልኩን ከነእጇ ይልስ ጀመር። ደግሜ ጠራሁት፣ ደግሞ ጮኸ። አንድ ሽማግሌ «ኧረ ሰዎች፣ ከብቱ ቤቱን አወቀ እኮ» አሉ፤ ሽመሉም አንድ በአንድ ዝቅ አለ። ኋላ ሲጠየቁ የመታ የለም፤ ሁሉም ሲያይ ነበር ብሏል።

እውነቱን ልጨርስዎ። በማግስቱ፣ ማታውኑ ቤቴ የመጣውን የኔሰውን ለመክሊት ትቼ፣ ምሳሬን በነጠላ ጠቅልዬ መናኸሪያ ወርጄ ነበር። ያችን «ድረሱ» ብላ የጻፈች ጣትዎን ፈልጌ ነበር የምመጣው፤ እሷን ብቻ፣ ከሥሯ። መኪናው ሊነሳ ሲል መክሊት ደውላ «እማዬ፣ አጎቴ ውሃ ይላል፣ እኔ ሳጠጣው ይፈስሳል» አለችኝና ተመለስሁ። ዛሬ ይህን ደብዳቤ በደህና ጣት የሚያገላብጡት ወንድሜን ውሃ ጠምቶት ስለነበረ ነው።

አራተኛውና የመጨረሻው፣ የጻፍሁበትም ጉዳይ ይኸው ነው። ያ «ሌባው ይኸው» ያሉት ፎቶ ዛሬም ግሩፑ ላይ አለ። በመክሊት በኩል እንዲነሳ ብለምን፣ ሦስት ወር ያልሞላው አባል የማስነሳት ጥያቄ አያቀርብም ተባለች። የኔሰው ሽቦውን የሚያስፈታው ደብረ ማርቆስ ነው፤ መንገዱም በቢቸና ያልፋል። ባለፈው ቀጠሮ ስንሄድ ቢቸና መናኸሪያ ላይ አንድ ጎረምሳ ስልኩን አየ፣ የኔሰውን አየ፣ ደግሞ ስልኩን አየ፣ ከዚያ ወርዶ ጓደኞቹን ጠራ። ሹፌሩ፣ እግዜር ይስጠው፣ ሳይሞላ ወደ ሞጣ አዙሮ ነዳ፤ ድንጋዩ የኋላ መስታወቱን አወረደው። ቀጠሮው አልፎ ሌላ ተሰጥቶናል፤ የፊታችን ሰኞ ነው። ሐኪሙ ሽቦው ከዚያ በላይ ከቆየ መንጋጋው እንደ ታሰረ ይቀራል ብሏል። ስለዚህ እስከ እሑድ ፎቶውን ያንሱልኝ፤ በቦታውም «ሌባ አልነበረም» የሚሉ ሁለት ቃላት በእጅዎ ይጻፉ። ሰላምታ ባይቀድማቸውም አልቀየምም።

የኔሰው ግን ደንብዎን እንደ ማንም አዲስ አባል ጠብቆ ተቀምጧል። አፉ ታስሯልና ያነባል እንጂ አይናገርም፤ ሰባቱ ቀን ካለፈ ቆይቷል።

የቤተሰብዎን ሁለት ሁለት ዓይንና ጆሮ ፈጣሪ እንዳለ ይጠብቅልዎ እያልሁ፣ በአበባ የተቀበሉኝ፣ ከአበባው መካከል የወንድሜን ደም ያየሁ፣ እስከ እሑድ ስልኬን ከእጄ የማላኖር አዲሷ አባልዎ፣

አምሳለች ፋንታ ወልደ ሰንበት
(አያቴን አልዘለልሁም)
ሞጣ

ማሳሰቢያ፦ የአጎትዎ ልጅ በሬ በዚያው ዕለት ከጎረቤት ማሳ ሲግጥ በመገኘቱ እንኳን ደስ ያላችሁ። ቦራን ግን አልሸጥነውም። ከዚያ ሁሉ ሕዝብ መካከል ስሜን፣ የአባቴን ስም፣ የአያቴን ስም ሳይጠይቅ የመለሰልኝ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ለግሩፑ አስተዳዳሪ የሚሆን ሰው ከቸገራችሁ እርሻው ሲያልፍ ላውሳችሁ እችላለሁ።