የሃያ አንድ ቀን ስም ጥሪ

ይድረስ ለምወድሽ እህቴ ለሐይማኖት መንገሻ፣ አሰበ ተፈሪ።

እንደምን ከርመሻል? ከራስ ጠጉርሽ እስከ እግር ጥፍርሽ ደህና ነሽ ወይ? የእማዬ ጉልበትስ ይህን ብርድ እንዴት ቻለው? የላክሁላትን መነጽር ታደርገዋለች ወይስ እንደ ልማዷ ለእንግዳ ቀን ብላ ሣጥን ውስጥ ቆልፋበታለች? ጎረቤቶቻችን እማማ ወለተጊዮርጊስና ጋሼ ጫላ ደህና ናቸው? ማሽላው ገባ ወይ? እኛ ጌታ ይመስገን ደህና ነን። ባለቤቴ ኃይለ ማርያም ታክሲውን ይነዳል፣ እኔም ያው መጋዘን ውስጥ ካርቶን አሽጋለሁ። ልጄ ሐዳሳ ሰባት ዓመት ሞላት። ትናንት «አክስቴን ኮል እናድርጋት» ብላኝ ቤታችሁ ስልክ እንደሌለ ማስረዳት አቃተኝ፤ ስልክ የሌለው ቤት መኖሩን አላመነችኝም።

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። እማዬ ከታመመች ወዲህ የአባባ ነገር እንደ አዲስ መነሣቱን ጽፈሽልኛል። ዕድሩም ቤተሰቡ ሞቷል ብሎ ካላመነ ድንኳን አንተክልም ማለቱን፣ እማዬ ደግሞ «እታለማሁ ከእኔ ጋር ነበረች፤ እሷ ሞቷል ካለች አለቅሳለሁ፣ አለ ካለች እጠብቃለሁ» ማለቷን አንብቤአለሁ። ይህን የሚያህል ቃል ጫንቃዬ ላይ ጣለችው። አንቺ ደግሞ ጴንጤ ስለሆንኩ ተዝካር የሚባል ነገር አይዋጥላትም ብለሽ ፈርተሻል። አንቺ እኮ ስትፈሪ ነው የምትኖሪው። መልሴን ያዘገየው እምነቴ አይደለም፤ አንድ የማውቀው ነገር ስለነበረ፣ አሁን ደግሞ ሌላ ስለተጨመረበት ነው። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ ለእማዬ ከማንበብሽ በፊት ለብቻሽ ጨርሺው።

አባባ ያገለገለበትን የጦር ካምፕ፣ ቦሆልን፣ አታስታውሺውም፤ የሦስት ዓመት ልጅ ነበርሽ። ኦጋዴን በረሃ ውስጥ ስድሳ ያህል የቆርቆሮ ቤቶች፣ አንድ ባንዲራ፣ በኖራ የተቀባ የድንጋይ አጥር፣ በቃ ካምፑ ይኸው ነው። ከአጥሩ ወዲያ ቀይ ኩይሳ ብቻ ነበር፤ ገሚሱ የሰው ቁመት፣ ገሚሱ ከሰው የሚበልጥ። ቀትር ላይ ሙቀቱ ሲያርገበግባቸው የሚራመዱ ይመስሉ ነበር። አባባ ከበራችን ፊት ለፊት የሚታዩት አሥራ አንድ ናቸው ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን አሥራ ሁለት ቆጠርኩና ነገርኩት። ሳቀብኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ደጅ ሲቀመጥ ወንበሩን ወደ ግድግዳው ያዞር ነበር።

ሴቶቹ ቀትር ላይ ከቤት ውጭ ሰው በስሙ አይጠሩም። የቀትር ጋኔን ስም ይለምዳል ይሉ ነበር። ስለዚህ ከቤት ቤት በጭብጨባ ይጠራራሉ፤ እማዬ ሦስት ጊዜ ካጨበጨበች እኔን ነው፣ ሁለቴ ከሆነ አባባን። ቀትር ላይ ካምፑ ውስጥ የሚሰማው ይህ ጭብጨባና የቆርቆሮው መንጣጣት ብቻ ነበር።

አባባ የውሃ ቦቴ ሾፌር ነበር። በየሦስት ቀኑ ወደ ጉድጓዱ ሄዶ ለካምፑ ውሃ ያመጣል። በጥር ወር 1972፣ ረዳቱ ወታደር ታፈሰ ወባ ይዞት ተኝቶ ስለነበር ብቻውን ሄደና አልተመለሰም። ሊፈልጉት የወጡት ጓደኞቹ ቦቴውን ከመንገዱ ዳር ቆሞ አገኙት። በሩ ክፍት፣ ቁልፉ እንደተሰካ፣ ኮፍያው መቀመጫው ላይ፣ ውሃው እስከ አፉ ሙሉ። ንፋሱ ዱካ አላስቀረም። አባባ የለም።

የካምፑ ሕግ እንዲህ ነበር። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስም ይጠራል። ሦስት ቀን በተከታታይ «አቤት» ያላለ ሰው ከድቷል ተብሎ ይመዘገባል። የከዳ ሰው ሚስትና ልጆች ቀለባቸው ተቆርጦ በሚቀጥለው ኮንቮይ ሜዳ ላይ ይጣላሉ። ስለዚህ ወታደሮቹ መከሩልን። በማግስቱ «አሥር አለቃ መንገሻ!» ሲባል ከኋላ ረድፍ አንድ ሰው «አቤት!» አለ። ታፈሰ ነበር፤ ከነትኩሳቱ ተነሥቶ መጥቶ። ስም ጠሪው የመቶ አለቃም ሁሉን እያወቀ ምልክት አድርጎ አለፈ። ጎረቤታችን የነበረች አንዲት የወታደር ሚስት ጆሮዬን ይዛ «መንገሻ ዘብ ላይ ነው ብለናታል፤ አቤት የሚለው ታፈሰ መሆኑን ለእናትሽ ትንፍሽ ብትይ፣ እሷ እዬዬ ስትል ያን ቀን ትባረራላችሁ» አለችኝ። ትንፍሽ አላልኩም።

እኔና እማዬ ሁልጊዜ ጠዋት ከውሃ በርሜሎቹ አጠገብ ቆመን እንሰማ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሦስት ቀናት እማዬ «አቤት» የሚለውን ስትሰማ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጎትታ አለቀሰች። በአራተኛው ቀን ባልዲው ከእጇ ወደቀ። ቤት ገብታ የአባባን ሸሚዝ አጥባ አሰጣችው። ከዚያ ቀን ወዲህ ስለ እሱ ስታለቅስ አላየኋትም፤ አንቺም አላየሽም። እኔ ደግሞ የዋሁ «ታፈሰ ድምፁን ለመደው፣ ዛሬስ ቁርጥ አባባን ሆነ» አልኩ በልቤ። ሃያ አንድ ቀን እንዲሁ ሆነ። በሃያ ሁለተኛው ቀን ውጊያ ሊጀመር ነው ተብሎ ቤተሰብ ሁሉ ሲወጣ እኛም አሰበ ተፈሪ ገባን።

እህቴ፣ ጥፋቴን ልንገርሽ። ያ ድምፅ የአባባ አለመሆኑን እያወቅሁ ለእማዬ ሳልነግራት አሥራ ሰባት ዓመት ኖርኩ። በመጀመሪያ እንዳንባረር ብዬ ነው፤ በኋላ ደግሞ ምን ብዬ እንደምጀምር ጠፋኝ። እማዬ ከል ሳትለብስ የቀረችው በእኔ ዝምታ ነው። ይህ ሲቆጨኝ ይኖራል።

አሁን የተጨመረውን ስሚ። ባለፈው መስከረም ጋርላንድ ባለው የአማርኛ ቤተ ክርስቲያናችን ስለ እማዬ ሕመም ጸሎት ጠይቄ፣ ስሟንና የአባባን ስም ጠርቼ ነበር። ስንወጣ ጠጉሩ ገብስማ የሆነ ሰውዬ መኪናዬ አጠገብ ቆሞ ጠበቀኝ። ፀሐዩ አናት ይበሳል። ከዴንተን ለእንግድነት የመጣ ነው፤ ታፈሰ! አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ እንደ ልጅ አለቀሰ።

እኛ ከወጣን በኋላ፣ በሚያዝያ ዝናብ፣ አባባን አገኙት። ቦቴው ከቆመበት ወደ ምሥራቅ የግማሽ ቀን መንገድ ርቆ፣ ኩይሳ ተደግፎ እንደተቀመጠ ነበር። አጥንት ነው የቀረው፤ የለዩት ስሙን በጩቤ በፈለፈለበት ቀበቶው ነው። ኮዳው ባዶ ነበር። በዚያ በረሃ ያለ ውሃ ሰው ሁለት ቀን አይቆይም። ውሃ የሞላ ቦቴ ትቶ በእግሩ ለምን እንደሄደ ታፈሰም አያውቅም። «የጠራው ያለ ነው የሚመስለው» አለኝ። ጉድጓዱን የቆፈረው እሱ ራሱ ነው። መርዶ ያልተላከልን ለምን እንደሆነ ጠየቅሁት። መዝገቡ ላይ አባባ ሃያ አንድ ቀን ሙሉ ተሰልፎ «አቤት» ብሏል፤ ሞቶ ነበር ብለው ቢጽፉ የፈረመው የመቶ አለቃ ይረሸናል። ስለዚህ ቀብረውት ላይናገሩ ተማማሉ። ያዘኑልን ሰዎች በደግነታቸው መርዶአችንን አስቀሩብን።

ልቡ እንዲረጋ ብዬ ቀለድኩበት። ከአራተኛው ቀን ወዲያ እንዲያውም አባባን አስንቀኸው ነበር አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። «ማለቴ፣ እህቴ፣ እኔ ሦስት ቀን ብቻ ነው ያልኩት» አለኝ። «በአራተኛው ሻለቃው ራሱ መጥቶ ቆመ። ፈራሁ። ኦኬ፣ ዛሬ አለቀላቸው ብዬ ዝም አልኩ። አቤት የሚለው ከኋላዬ መጣ። እኔ እኮ የመጨረሻው ረድፍ ላይ ነበርኩ፤ ከኋላዬ ሰው የለም። አሥራ ስምንት ቀን ሙሉ አንዴም ዞሬ አላየሁም።»

እንደ እምነቴ ሙታን አይናገሩም። ታዲያ ማን ነው ብለሽ አትጠይቂኝ፤ ጸልዬበት መልስ አላገኘሁም። ብቻ እዚህ መጋዘን ሥራ ስንጀምር ሱፐርቫይዘሩ ከወረቀቱ ስማችንን ይጠራል፤ ታፈሰ ይህን ከነገረኝ ወዲህ ጀርባዬን ግድግዳ ካላስነካሁ መቆም አልቻልኩም። ያልመጣ ሰው ስም ተጠርቶ ጸጥ ሲል ጆሮዬን እይዛለሁ። ጓደኞቼ ይስቁብኛል።

ታፈሰ አንድ ነገር ለመነኝ። «ሃያ አንዱንም ቀን ታፈሰ ነው በያት፤ በእኔ ይሁን» አለኝ። እግዚአብሔር ይስጠው፤ እኔ ግን እምቢ አልኩት። እማዬ ሦስቱን ቀን አልቅሳለች፤ የእሱ ድምፅ አለመሆኑን ያን ጊዜም ለይታዋለች። የሰማችውን እሷ ታውቃለች። ከጠየቀችሽ ሦስቱ የታፈሰ ነው፣ አሥራ ስምንቱን እኛም አናውቅም በያት። አሥራ ስምንቱ የእሷ ነው፤ አንቀማት።

ቃሌ ይኸው ነው፦ አባባ ሞቷል። ድንኳኑ ይተከል፤ ተዝካሩንም በጥር አውጡለት፤ የድርሻዬን አልከለክልም። መርዶ በደብዳቤ እንደማይነገር አውቃለሁ፤ ምን ላድርግ፣ በመካከላችን ባሕር አለ። እማማ ወለተጊዮርጊስን አስቀድመሽ አማክሪያቸው። የዕድሩን ሴቶች ይዘው በማለዳ ይምጡና ዙሪያዋን ይቀመጡ። ያን ጊዜ ከዚህ በታች ያለውን ብቻ አንብቢላት።

ለእማማ ወለተጊዮርጊስ ጉልበታቸውን ስሜአለሁ። ለጋሼ ጫላ ሳላቸው እንዲለቃቸው እየጸለይኩ ነው። ለዕድሩ ሰዎች ሁሉ በያሉበት ሰላም ይሁን። ለአንቺ ለሐይማኖት ከሐዳሳና ከኃይለ ማርያም ብዙ ናፍቆት። ለእናቴ ለአስካለማርያም፣ ከእግርሽ ሥር ወድቄ፣ ይቅርታሽን ለምኜ፣ እጅሽን ስሜአለሁ።

እህቴ፣ ይህን አታንብቢላት። በየደብዳቤዬ ከእሷ ስም ቀጥሎ «ለአባባም፣ ቤት ገብቶ ከሆነ» ብዬ እንድጽፍ ታዝዘኝ የለ? አንድም ጊዜ አስቀርቼባት አላውቅም። ዛሬ አልጻፍኩም። ስሟ ላይ ስትደርሺ ቀጥሎ ያለውን ትጠብቃለች። ወረቀቱን አስቀምጪና እጇን ያዢልኝ።

እህትሽ እታለማሁ መንገሻ
ግራንድ ፕሬሪ፣ ቴክሳስ
ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም.