ከሸክላ ሠሪው ምሰሶ ሥር የተቀመጡት የወይዘሮ ሠርኬ ሀብተ ወልድ የሕይወት ታሪክ

ወይዘሮ ሠርኬ ሀብተ ወልድ ከአባታቸው ከአቶ ሀብተ ወልድ ደስታ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ እታለም ይርጉ በ1908 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ከተማ ከሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ በላይ ተወለዱ። ከደብር ቄስ ፊደል ቆጥረው ዳዊት ደግመዋል። በ1924 ዓ.ም. አቶ ኃይሌ ወርቅነህን በሥርዓት አገቡ። አቶ ኃይሌ በበቅሎ እየጫኑ የሚነግዱ ሰው ነበሩ፤ በጠላት ወረራ ዘመን ከቤት ወጥተው አልተመለሱም። ከትዳራቸው ልጅ አልተገኘም።

ከዚያ በኋላ በበርበሬ በረንዳ በርበሬና ቅመም እየሸጡ ራሳቸውንና እናታቸውን አኖሩ። ንግግራቸው ጥቂት ነበር። ለቅሶ ግን አይቀሩም። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም፣ የሚያውቁት ይሁን የማያውቁት፣ ሰው ሞተ ሲባል መደባቸውን ሸፍነው ንፍሮ ይዘው ይሄዱ ነበር።

በ1942 ዓ.ም. የበርበሬው ብናኝ ዓይናቸውን ጎዳውና በአንድ የሚስዮን ክሊኒክ ታከሙ። እዚያው ቁስል ማጠብና ማሰር ተማሩ፤ ወንጌሉንም ሰሙ። በ1944 ዓ.ም. ከሚስዮኑ ጋር ገጠር እንደሚሄዱ ሲናገሩ ቤተሰቡ አልወደደም። የበረንዳ ጎረቤታቸው ሙህዲን፣ አንድ የበርበሬ ሸማች እንኳ በዋጋ ማሳመን ያቃታቸው እትዬ ሠርኬ ገጠር ማንን ሊያሳምኑ ነው እያለ ቀለደባቸው። እሳቸውም ስቀው ሚዛናቸውን ለእሱ ትተውለት ሄዱ።

የሄዱበት ስፍራ ከሆሳዕና ወዲያ በእግር የሚደረስበት የእንሰት አገር ነው። የክሊኒኩ ኃላፊ ሚስ ኢንግሪድ የሚባሉ ፈረንጅ ነበሩ። ሰው መጀመሪያ ይፈራቸው ነበር፤ ያስለመዱት ወይዘሮ ሠርኬ ናቸው። በ1947 ዓ.ም. ክሊኒኩ በሕመምተኛ ሞልቶ፣ ትምህርት ቤት ተከፍቶ፣ የአገሩም ሰው ለጸሎት ቤቱ እንጨት ሊቆርጥ ቃል ገብቶ ነበር።

እኔ ታላቅ ወንድማቸው አሸብር የእናታችንን መታመም ልነግራቸው በዚያው ዓመት በየካቲት ሄድኩ። የደረስኩት ሎምቤ የሚባል ሸክላ ሠሪ በሞተ ማግስት ነው። በዚያ ቀበሌ ሰው የሸክላ ሠሪን ማሰሮ ይገዛል እንጂ ቤቱ አይገባም፣ አብሮት አይበላም። ሟቹ ሚስትና ትንንሽ ልጆች ብቻ ነበሩት፤ ወገኖቹ ሩቅ ናቸው። አስከሬኑን የሚያነሳ ወንድ ጠፍቶ ቤት ውስጥ ተጋድሞ ነበር።

ወይዘሮ ሠርኬ እንደ ልማዳቸው ንፍሮ ይዘው ገቡ። ከምሰሶው ሥር ባዶ ስፍራ አይተው ተቀመጡ። በእኛ ለቅሶ ቤት ሰው ባገኘው ስፍራ ይቀመጣል። በዚያ አገር ግን ከምሰሶው ሥር የምትቀመጠው የሟች እኅት ብቻ ናት። ይህን አላወቁም።

ወሬው ወዲያው ተዳረሰ። የአገሩ ሽማግሌ አቶ ኤርጊቾ ብዙ ሰው አስከትለው መጥተው ደጅ ቆሙ። ሚስ ኢንግሪድም መጡ። እኔ አጥሩ ጥግ ነበርኩ። ሽማግሌው አልተቆጡም። እንግዳ ይሳሳታል፤ ተነስተው ተሳስቻለሁ ቢሉ ይበቃል አሉ። ካልተነሱ ግን የሸክላ ሠሪ እኅት ሆነዋልና ቁስሉን የሚያሳያቸው፣ ልጁን ወደ ትምህርት ቤቱ የሚሰድ፣ እንጨትም የሚቆርጥ አይኖርም አሉ። ደግሞም በአገሩ ልማድ አስከሬን የሚያነሱትን ወንዶች ደጅ ወጥታ በስም የምትጠራው የሟች እኅት ናት፤ የተጠራ ሰው እምቢ ማለት አይችልም።

“እስቲ እርስዎ ማንን ይጠራሉ?” አሏቸው ሽማግሌው። ሰዉ ሳቀ።

ሚስ ኢንግሪድ ፊታቸው ቀልቶ፣ “ሠርኬ፣ እባክሽ ተነሺ። ሥራችን ሁሉ ይፈርሳል” አሉ።

ወይዘሮ ሠርኬ የሟቹን ሚስት አዩ። ሴትየዋ ንፍሮውን አልነካችውም ነበር። እሳቸው ከሳህኑ ዘግነው ቀመሱና አቀበሏት። እሷም በላች። ሁለቱ ከአንድ ሳህን ሲበሉ ሳቁ ቆመ።

ከዚያ ተነሱ። ይቅርታ ሊሉ ነው ብለን ሁላችንም አሰብን። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ደጃፉ ላይ ቆሙ።

“አቶ ኤርጊቾ፣ ወንድሜን አንሱልኝ” አሉ።

ሽማግሌው መሬት መሬት እያዩ ቆዩ። ኋላ ቡልኮአቸውን አውልቀው አጠገባቸው ላለው ሰው ሰጡና ጎንበስ ብለው ገቡ። ወይዘሮ ሠርኬ ቀጠሉ። የጠሯቸው እግራቸውን ያጠቡላቸውን፣ እጃቸውን ያሰሩላቸውን ነው። ስሙ የተጠራ ሁሉ ገባ። እኔን አልጠሩኝም፤ እኔም ገባሁ።

ቀብሩ ሲያልቅ አብረውኝ መጥተው እናታችንን እስከ ዕረፍቷ አስታመሙ። ከዚያ ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ሽማግሌው የተናገሩት አልቀረም፤ ክሊኒኩ ባዶ ከረመ፣ የጸሎት ቤቱም እንጨት ሳይቆረጥ ቀረ። ወይዘሮ ሠርኬ በየማለዳው በሩን ከፍተው ይቀመጡ ነበር። ሰው የተመለሰው ኩፍኝ በገባ ዓመት ነው። ያን ጊዜ የሸክላ ሠሪውና የሽማግሌው ልጆች በአንድ ክፍል ተኝተው ታከሙ።

በ1962 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ታመው ሲኒማ ራስ አጠገብ ወዳለው ቤቴ መጡ። ሲታከሙ ቆይተው ጥር 9 ቀን 1964 ዓ.ም. በተወለዱ በ56 ዓመታቸው አረፉ። እስከ መጨረሻው ከአልጋቸው ያልተለየችው ብርሃኔ ሎምቤ ናት።

ወይዘሮ ሠርኬ ወንድማቸውን አሸብርን፣ የአሸብርን ልጅ አበራሽን፣ እንዲሁም የወንድማቸውን የአቶ ሎምቤን ባለቤትና ልጆች ትተው ሄደዋል።

ሰው ወደማይገባበት ቤት የገቡትን እኅታችንን እግዚአብሔር ወደ ቤቱ ያስገባቸው። ለቀረነውም መጽናናቱን ይስጠን።