አራት ብርጭቆ አቼቶ

ሰኞ፣ የካቲት 3
ቤተ ሙከራውን ስጠርግ ዋልኩ። የኬሚስትሪ መምህርት መጥረጊያ ይዛ... ዳይሬክተሩ ብቅ ብሎ ክፍሉን በዓይኑ ለካው። “ለወንበር ማስቀመጫ ይበቃል” አለ። እሱ ወንበር ካየ ይበቃዋል፣ በተለይ የራሱን። ሐሙስ ከትምህርት ቢሮ እንግዶች ይመጣሉ። የሚሠራ ነገር ካሳየን ክፍሉ ይተርፍልኛል። ካላሳየን የተሰበረ ወንበር ይታጎርበታል። ስንት ዓመት የለፋሁበት ክፍል!

ማክሰኞ፣ የካቲት 4
በራች! አራት ብርጭቆ አቼቶ፣ በእያንዳንዱ አንድ የቆርቆሮ ሚስማርና አንድ የመዳብ ሽቦ። የአንዱን ሚስማር ከቀጣዩ መዳብ ጋር እያያያዝኩ ሄድኩ። ከተበላሸ ሬዲዮ የፈታኋት ቀይ አምፖል ደከም ብላ በራች።

አፈ ቅቤ በር ላይ ቆሞ ያይ ነበር። የጂኦግራፊ መምህሩ ነው፣ ስሙን ያወጣሁለት እኔ ነኝ። “አቼቶ ውስጥ ኤሌክትሪክ አለ እንዴ?” አለ። የለም፣ የኔ ወንድም። አሲዱ ውኃው ውስጥ ቻርጅ የያዙ ቅንጣቶችን ይለቃል፣ እነሱ ወዲያ ወዲህ እያሉ ኤሌክትሪኩን ያሳልፋሉ። ግፊቱ ግን የሚመጣው ከሁለቱ ብረቶች ልዩነት ነው። ሚስማሩ የተለበጠበት ዚንክ ኤሌክትሮን ይሰጣል፣ በመዳቡ በኩል ያሉት ቅንጣቶች ይቀበላሉ።

“ገባኝ፣ ገባኝ” አለ። ምኑ እንደገባው እንጃ!

ረቡዕ፣ የካቲት 5
ለእንግዶቹ የሚያስረዳው አፈ ቅቤ ነው አሉኝ። ለምን? “እሱ ሰው ያስቃል” አለ ዳይሬክተሩ። “አንቺ ግን... አትቀየሚኝና፣ ፊትሽ ሰው ያባርራል።” የሠራሁት እኔ፣ የሚሞገሰው እሱ። ደሜ ፈላ።

ቤት ገብቼ ለእትዬ ነገርኳት። “ያውራ ተይው፣ አንቺ ክፍልሽ ይትረፍልሽ” አለች፣ ሽንኩርቷን እየከተፈች። ለታላቅ እህቴ ሁሉም ነገር ቀላል ነው።

ሐሙስ፣ የካቲት 6
ጠዋት ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ነጭ ጨርቅ ተነጥፏል። ሚስማሮቼ የሉም! በየብርጭቆው፣ በግራም በቀኝም፣ የሚያብረቀርቅ የመዳብ ሽቦ።

“ያ የቆርቆሮ ሚስማር ለእንግዳ አይቀርብም ብዬ ነው” አለ አፈ ቅቤ፣ ጥርሱን እየገለጠ። “አሁን አያምርም?”

ጅል! በሁለቱም በኩል አንድ ዓይነት ብረት... ማን ሰጪ፣ ማን ተቀባይ ሊሆን? አሲዱ የቱንም ያህል ቢያስተላልፍ የሚገፋው ነገር የለም። ሚስማሮቹን ከቆሻሻ ቅርጫት ለቅሜ ጋዋኔ ኪስ ከተትኳቸው። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። “በጣም ያምራል” አልኩት። ይዋረድ ብዬ። ልኩን ይወቅ ብዬ።

እንግዶቹ መጡ። ለፈለፈ፣ ለፈለፈ፣ ከዚያ አምፖሏን አገናኘ። ምንም። ደግሞ አገናኘ። ምንም። ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ሲል አየሁ... እንዴት ደስ አለኝ!

ምን ቢል ጥሩ ነው? “ይቅርታ እንግዶቻችን፣ አቼቶውም መብራት ጠፋበት!”

በሳቅ ፈረሱ። አንዷማ እንባዋን ጠረገች። ትከሻውን መታ መታ አድርገውት ሲወጡ፣ የመጨረሻው ሰውዬ ክፍሉን ዞር ብሎ አየና ለዳይሬክተሩ “እዚህ እንኳ የሚሠራ ነገር የለም” አለው። ዳይሬክተሩ በአዎንታ ራሱን ነቀነቀ። ሚስማሮቹ ኪሴ ውስጥ ነበሩ። ሮጬ እንግዶቹን ልመልሳቸው? ምን ልበል? አውቄ ነው ዝም ያልኩት ልበል?

ዓርብ፣ የካቲት 7
እትዬ ሁሉንም አስለፈለፈችኝ።
“አውቀሽ ዝም አልሽ?”
“አዎ።”
“እሱስ ምን ሆነ?”
“ምንም።”
ተነሥታ ራት አቀረበችልኝ። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ቅዳሜ፣ የካቲት 8
ወንበሮቹ ገቡ። እስከ ጣሪያ።

ሰኞ፣ የካቲት 10
የዛሬው ትምህርት ስለ ባትሪ ነበር። ብርጭቆዎቹን ጥቁር ሰሌዳ ላይ ሳልኳቸው። ሚስማሩን፣ መዳቡን፣ በአሲዱ ውስጥ የሚመላለሱትን ቅንጣቶች። አምፖሏንም ሳልኩ፣ ዙሪያዋን በቢጫ ጠመኔ ጨረር አደረግሁላት። ስታስጠላ!

“ቲቸር፣ እውነት ይበራል?” አለች አንዷ ከኋላ።
“ይበራል።”
“ታዲያ ለምን አያሳዩንም?”
“የምናይበት ክፍል ተዘግቷል” አልኩ።
“ወይኔ!” አሉና መገልበጥ ጀመሩ። ማን እንዳስዘጋው አልጠየቁኝም።